ዘር የምንለው ነገር ምንድር ነው? የዘር ንቀትስ ከወዴት በቀለ?

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ በተሰጠኝ ጥቂት ጊዜ ልናገር ያሰብሁት፥ ሁላችንም በየቀኑ በአፋችን ስለምናነሣው፥ ነገር ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብለን እምብዛም ስላልመረመርነው ስለ አንድ አጭር ቃል ነው። ቃሉም «ዘር» የሚለው ነው። በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ።

በቋንቋችን ዘር የሚባለው በመጀመሪያ፥ ገበሬ ከአዝመራው መርጦ በጎታ የሚያኖረው፥ ክረምቱም ሲገባ በእርሻው ላይ የሚበትነው ፍሬ ነው። በሁለተኛ ደረጃ፥ ከአባትና ከእናት፥ ከአያትና ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትውልድ ዘር ይባላል፤ አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ሲሉ የተናገሩትም ስለዚሁ ስለ ሥጋ ዝምድና ነው። ሦስተኛው ፍቺ ግን ከቅርብ ዘመን ወዲህ ከውጭ የመጣ ነው። ይኸውም የዓለምን ሕዝብ በቆዳ ቀለም፥ በጠጕርና በአፍንጫ ቅርጽ በጥቂት ክፍሎች ለይቶ፥ አንዱን ክፍል በተፈጥሮው ብልህና ገዥ፥ ሌላውን ደግሞ በተፈጥሮው ደካማና ተገዥ አድርጎ የሚቈጥር አሳብ ነው።

እነዚህ ሦስት ፍችዎች በአንድ ቃል ስለሚጠሩ በቀላሉ ያሳስቱናል። ስንዴ የዘራ ገብስ እንደማያጭድ እናውቃለን፤ ስለዚህም የሰው ዘር እንደ ስንዴና እንደ ገብስ የተለያየ ፍጥረት ይመስለናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለሰው ልጅ የሚስማማው ምሳሌ ስንዴና ገብስ ሳይሆን ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ ነው። ሁለቱም ጤፍ ናቸው፤ በአንድ ማሳ ይበቅላሉ፤ በአንድ ምጣድ ይጋገራሉ። በገበያ ዋጋቸው ይለያያል፤ ነገር ግን ዋጋውን የተመነው ገበያተኛው ነው እንጂ ፍሬው አይደለም። እኔም ዛሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንኑ ነው። ሰዎች እርስ በርሳቸው የተናናቁት በዘር ስለ ተለያዩ አይደለም፤ ከመናናቅ ጥቅም ያገኙ ሰዎች የዘርን ልዩነት በሕግና በመጽሐፍ ጽፈው አቆሙት እንጂ።

መጀመሪያ ተፈጥሮ የምትመሰክረውን እንስማ። በሀገራችን ከአንድ አባትና ከአንዲት እናት የተወለዱ ልጆች አንዱ «ቀይ»፥ ሁለተኛው «ጠይም»፥ ሦስተኛው «ጥቁር» ተብለው ሲጠሩ እንሰማለን። ይሁን እንጂ ጥቁሩ ልጅ የቀዩ ወንድም አይደለም የሚል ሰው አይገኝም። የቆዳ ቀለም የሚመጣው በቆዳችን ውስጥ ከሚገኘው ሜላኒን ከተባለው ቅመም ነው። ፀሐይ በምትበረታበት ሀገር ለብዙ ሺሕ ዓመታት ለኖረ ሕዝብ ይህ ቅመም ይበዛለታል፤ ከሚጐዳው ጨረር ይጠብቀዋልና። ፀሐይ በምትደክምበት በሰሜን ለኖረ ሕዝብ ደግሞ ያንስለታል፤ ሰውነቱ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቪታሚን ዲ ከዚያችው ከጥቂቷ ፀሐይ ማግኘት አለበትና። የቀለም ምሥጢር ይህ ነው፤ ስለ አእምሮ ወይም ስለ ጠባይ የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

ደግሞም ቀለም ድንበር የለውም። ከነጭ ዓባይ ምንጭ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር የሚወርድ መንገደኛ የሰዎቹ መልክ ቀስ በቀስ ሲለዋወጥ ያያል፤ ነገር ግን «አንዱ ዘር እዚህ ላይ አለቀ፥ ሌላው ከዚህ ጀመረ» ብሎ የወሰን ድንጋይ የሚተክልበት ስፍራ አያገኝም።

የሳይንስም ምርመራ ይህንኑ አጽንቶታል። በ1972 ዓ.ም. ሪቻርድ ሌዎንቲን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ሊቅ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰበ የደም ምርመራ ውጤት አመዛዝነው ነበር። ከዚያም በሰዎች መካከል ከሚገኘው የውርስ ልዩነት ከመቶው 85 ያህሉ በዚያው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል የሚገኝ መሆኑን፥ «ዘሮች» በሚባሉት ክፍሎች መካከል ያለው ግን ከመቶው 6 ያህል ብቻ መሆኑን አመለከቱ። ይህም ማለት ጎረቤቴ ከኔ የሚለይበት ነገር፥ የኔ ሕዝብ ከሩቅ ሀገር ሕዝብ ከሚለይበት እጅግ ይበልጣል ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. ጂኖም የተባለው የሰው ልጅ የውርስ ጽሕፈት ተነቦ ተፈጸመ ሲባል፥ ማናቸውም ሁለት ሰዎች በዚህ ጽሕፈት ከመቶው 99.9 ያህል የሚመሳሰሉ መሆናቸው ታወቀ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ፥ በታንዛኒያና በቦትስዋና ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፥ የአውሮፓውያንን ቆዳ ከሚያነጡት የውርስ ምልክቶች አንዱ በምሥራቅ አፍሪካም በብዛት እንደሚገኝ ገለጠ።

ከዚህም በላይ፥ በሀገራችን በኦሞ ወንዝ አቅራቢያ ኪቢሽ በተባለው ስፍራ በ1967 ዓ.ም. የተገኘው የሰው አጥንት፥ በ2022 ዓ.ም. በወጣው ጥናት መሠረት 230 ሺሕ ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳለው ተገምቷል፤ በአፋር ሄርቶ በተባለው ስፍራ በ1997 ዓ.ም. የተገኘውም 160 ሺሕ ዓመት ያህል ነው። ይህን የምጠቅሰው ለትምክሕት አይደለም። በሰው ታሪክ መነሻ ላይ የተገኙት እነዚህ አጥንቶች የኛ ብቻ አያቶች ሳይሆኑ፥ የሰው ልጅ ሁሉ ከአፍሪካ የተነሣ አንድ ቤተ ሰብ መሆኑን የሚያስረዱ ስለ ሆኑ ነው።

እንግዲህ የዘርን መለያየት ተፈጥሮ ካልጻፈችው፥ ማን ጻፈው? የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ለዚህ መልስ የሚሰጡ ብዙ ሀገሮች አሉ፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው በቨርጂኒያ ነው። ሕጎቿና የፍርድ መዝገቦቿ ተጽፈው ስለ ቀሩ፥ ነገሩ እንዴት እንደ ተሠራ ደረጃ በደረጃ ይነበባል።

በ1619 ዓ.ም. ሃያ የሚሆኑ አፍሪካውያን በመርከብ ተጭነው ወደ ቨርጂኒያ መጡ። በዚያ ዘመን በትምባሆ እርሻ ላይ የሚደክሙት አብዛኞቹ ከእንግሊዝ የመጡ ድኾች ነበሩ፤ የመርከብ ዋጋ ለከፈለላቸው ጌታ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግሉ ውል የገቡ ናቸው። አፍሪካውያኑና እነዚህ አገልጋዮች በአንድ እርሻ ይሠሩ፥ ኑሮው ሲከፋባቸውም አብረው ይጠፉ ነበር። ከአፍሪካውያኑ መካከል ነጻ ወጥተው መሬት እስከ መያዝ የደረሱ ነበሩ፤ አንቶኒ ጆንሰን የተባለው ከነዚህ አንዱ ነው።

በ1640 ዓ.ም. ሦስት አገልጋዮች ከአንድ ጌታ ጠፍተው ተያዙና ለፍርድ ቀረቡ። ሁለቱ አውሮፓውያን፥ ሦስተኛው ጆን ፓንች የተባለ አፍሪካዊ ነበር። ሁሉም እንዲገረፉ ተፈረደባቸው። ከዚያም በላይ ሁለቱ አውሮፓውያን አራት ዓመት ተጨምሮባቸው እንዲያገለግሉ፥ ጆን ፓንች ግን ዕድሜ ልኩን እንዲያገለግል ተወሰነ። ወንጀሉ አንድ፥ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

በ1662 ዓ.ም. ልጅ የእናቱን ሁኔታ ይከተላል የሚል ሕግ ወጣ። በእንግሊዝ ሀገር ልማድ ልጅ የሚከተለው አባቱን ነበር። ይህ ስለ ምን ተለወጠ? ጌታው ከባሪያው ልጅ ቢወልድ፥ ልጁ ወራሹ መሆኑ ቀርቶ ንብረቱ እንዲሆን ነው። በ1667 ዓ.ም. ደግሞ ባሪያ ክርስትና ቢነሣም ጥምቀቱ ከባርነት አያወጣውም ተብሎ ተደነገገ። እስከዚያ ድረስ ክርስቲያን ክርስቲያንን ባሪያ አድርጎ ሊገዛ ይገባዋልን? የሚለው ጥያቄ የብዙ ሰዎችን ኅሊና ያውክ ነበር። ሕጉ ይህን ጥያቄ ዘጋው። ሃይማኖት መለያ መሆኑ ሲቀር ግን ሌላ መለያ አስፈለገ፤ ሃይማኖትን ሰው ሊለውጥ ይችላል፥ ቆዳውን ግን ሊለውጥ አይችልምና፥ መለያው ቆዳ ሆነ።

በ1676 ዓ.ም. ናትናኤል ቤከን የተባለ ባለመሬት በአገረ ገዥው ላይ ባስነሣው ዓመፅ፥ አውሮፓውያን አገልጋዮችና አፍሪካውያን ባሮች በአንድነት የጦር መሣሪያ ይዘው ተሰለፉ፤ ዋና ከተማይቱ ጀምስታውንም ተቃጠለች። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት፥ ባለመሬቶቹን ከእሳቱ ይልቅ ያስደነገጣቸው የድኾቹ አንድነት ነበር። ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ይህን አንድነት የሚቈርጡ ናቸው። የ1691 ዓ.ም. ሕግ «እንግሊዛዊ ወይም ሌላ ነጭ» የሆነ ሰው ጥቁር ወይም ክልስ ወይም የሀገሩን ተወላጅ ቢያገባ ከቅኝ ግዛቲቱ እንዲባረር አዘዘ። በ1705 ዓ.ም. ሕግ መሠረት፥ የአገልግሎት ዘመኑን የፈጸመ ወንድ አገልጋይ በቆሎ፥ ገንዘብና ጠመንጃ እንዲሰጠው፥ ክርስቲያን ነጭ አገልጋይም ያለ ዳኛ ፈቃድ ራቁቱን እንዳይገረፍ ታዘዘ። በዚያው ዓመት በወጣው የባሮች ሕግ ደግሞ ባሮች ያረቧቸው ፈረሶች፥ ከብቶችና አሳማዎች ሁሉ ተወስደው እንዲሸጡ ተወሰነ።

እዚህ ላይ፥ አድማጮቼ ሆይ፥ ነገሩን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። እንግሊዛዊው ድኻ በዚህ ሕግ ባለጠጋ አልሆነም፤ ትናንት አብሮት በአንድ ቦይ ሲቆፍር የነበረው ሰው ከእግሩ በታች እንዲሆን ተደረገለት እንጂ። «ነጭ» የሚለውም ስም ለድኽነቱ ማጽናኛ ሆኖ ተሰጠው። ከዚያ ወዲያ ይህን ስም እንደ ርስቱ ይጠብቀው ጀመር። የዘር ንቀት ሥር ይህ ነው፤ መጀመሪያ ጥቅም፥ ቀጥሎ ሕግ፥ ከሕጉም በኋላ ጥላቻ። በአትላንቲክ ባሕር በኩል ከአፍሪካ የተጫኑት ሰዎች ቍጥር 12 ሚሊዮን ተኩል ያህል እንደ ነበረ ሊቃውንት ይገምታሉ። በ1860 ዓ.ም. በአሜሪካ ብቻ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። የዚህ ሁሉ ሰው ጕልበት ባለቤት የነበረ ሰው፥ «እኔ ጨካኝ ነኝ» ከማለት ይልቅ «እነርሱ ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው» ማለትን ቢመርጥ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህንንም ለማለት በመጀመሪያ የፈለጉት ረዳት መጽሐፍ ቅዱስ ነበር። ካም ስለ ተረገመ ልጆቹ ጥቁሮች ባሮች ሆነው ይኖራሉ እያሉ ሰበኩ። በኛም ሀገር ይህን አባባል የሚደግም ሰው አልጠፋም። መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 9 ኖኅ የረገመው ካምን ሳይሆን የካምን ልጅ ከነዓንን ነው፤ ስለ ቆዳ ቀለምም የተነገረ አንድ ቃል የለም። ኢትዮጵያ የምትጠራበት ኩሽ የካም ሌላው ልጅ መሆኑን ምዕራፍ 10 ይነግረናል፤ በርሱም ላይ እርግማን አልወረደም።

ከሰባኪዎቹ በኋላ ሊቃውንቱ መጡ። ስዊድናዊው ካርል ሊኔ ዕፀዋትንና እንስሳትን በየወገናቸው ለይቶ በመጻፍ እስከ ዛሬ የሚመሰገን ሰው ነው። ነገር ግን በ1735 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሰውንም በአራት ክፍል ለየ፤ በ1758 ዓ.ም. እትሙ ደግሞ ለያንዳንዱ ክፍል ጠባይ ሰጥቶ፥ አውሮፓዊው በሕግ፥ አፍሪካዊው በፈቃዱ ግፊት የሚመራ ነው ብሎ ጻፈ። የዕፀዋትን ቅጠል በዓይኑ አይቶ ቈጥሯል፤ የሰዎችን ጠባይ ግን የጻፈው ነጋዴዎችና ቅኝ ገዥዎች ካወሩት ወሬ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ብሉመንባኅ በ1795 ዓ.ም. ሰውን በአምስት ክፍል ለይቶ፥ አውሮፓውያንን «ካውካሳውያን» ብሎ ሰየማቸው፤ ለዚህም ምክንያት የሆነው ከጆርጂያ የመጣ አንድ የራስ ቅል ከሁሉ ይልቅ አምሮ ስለ ታየው ነው። ይሁን እንጂ ለእውነት ስንል መናገር ያለብን፥ ይኸው ሊቅ ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው ያለ ድንበር የሚቀላቀሉ መሆናቸውን የገለጠ፥ ጥቁሮችም በአእምሮ ከማንም እንደማያንሱ የጻፈ ሰው መሆኑን ነው። ከርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች ግን ስሙን ወስደው ማስጠንቀቂያውን ተዉት።

ሕግ ዘርን የሚሠራ መሆኑን ከማናቸውም ይልቅ አጕልቶ ያሳየው የኛው ክፍለ ዓለም የደቡቡ ጫፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ የ1913 ዓ.ም. የመሬት ሕግ ከሀገሩ መሬት ከመቶው 7 ያህሉን ብቻ ለብዙኃኑ ለጥቁሮቹ መድቦ፥ የቀረውን እንዳይገዙ ከለከላቸው። መሬት ያጣ ሰው በርካሽ ደመወዝ ወደ ወርቅ ማዕድንና ወደ ነጮች እርሻ ከመሄድ በቀር ምን ምርጫ አለው? ይህ ጥቅም ከተጠበቀ በኋላ፥ በ1950 ዓ.ም. ሰውን ሁሉ ነጭ፥ ክልስና ተወላጅ ብሎ የሚመዘግብ ሕግ ወጣ። ሕጉ ነጭ ማን እንደ ሆነ ሲተረጕም፥ በመልኩ ነጭ የሆነ ወይም ነጭ ነው ተብሎ በሰው ዘንድ የታወቀ ሰው ነው አለ። ይህም ማለት ነጭ ማለት ነጭ የሚባል ነው ማለት ነው። ሲያጠራጥራቸው ሹማምንቱ በሰው ጠጕር ውስጥ እርሳስ ይሰኩ ነበር፤ እርሳሱ ከወደቀ አንድ ዘር፥ ተይዞ ከቀረ ሌላ ዘር ይሆናል። አድማጮቼ ሆይ፥ የሰው ዕድል በእርሳስ ሲወሰን እስቲ አስቡት።

በ1966 ዓ.ም. በዚያች ሀገር ከነጮች አባትና እናት የተወለደች አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ፥ መልኳ ጠቆር፥ ጠጕሯም ጥቅልል ያለ በመሆኑ ከትምህርት ቤቷ በፖሊስ ተወስዳ «ክልስ» ተብላ ተመዘገበች። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ትውልድን መሠረት እንዲያደርግ ሲለወጥ፥ ያችው ልጅ እንደ ገና «ነጭ» ተባለች። ልጂቱ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ወረቀቱ ነው። በኛ ሀገር ቢሆን ጠይም ልጅ ተብላ፥ ምናልባትም «አያቷን መሰለች» ተብላ በሰላም ባደገች ነበር። ደግሞም በዚያው በ1960ዎቹ ዘመን ከጃፓን ጋር የነበረው ንግድ እየሰፋ ሲሄድ፥ ጃፓናውያን እንደ ነጮች እንዲስተናገዱ ተፈቀደ፤ በመልክ የሚመስሏቸው ቻይናውያን ግን ይህን አላገኙም። ገበያ ዘርን ሲለውጥ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። ያ የምዝገባ ሕግ የተሻረው በ1991 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ትግል የሀገራችንን ድርሻ ሳላነሣ ባልፍ ታሪክ ይወቅሰኛል። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ላይቤሪያ፥ የቀድሞው የመንግሥታት ማኅበር አባል እንደ መሆናቸው መጠን፥ ደቡብ አፍሪካ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ስለምትፈጽመው የዘር አድልዎ በላሄ ከተማ በሚገኘው በዓለም ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። ስድስት ዓመት ከተከራከሩ በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ሆነው እኩል ስለ ተከፈሉ፥ በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ ከሳሾቹ በጉዳዩ የሕግ መብት የላቸውም ተብሎ ክሱ ወደቀ። ክሱ ቢወድቅም አሳቡ አልወደቀም፤ በ1971 ዓ.ም. ያው ፍርድ ቤት የደቡብ አፍሪካ በዚያ መቆየት ሕገ ወጥ መሆኑን ገለጠ፤ ሀገሪቱም ናሚቢያ ተብላ በ1990 ዓ.ም. ነጻነቷን አገኘች።

የዘር ሕግ በኛም ቤት ገብቶ ነበር። የፋሺስት ኢጣሊያ መንግሥት ሀገራችንን በወረረበት ዘመን፥ በ1937 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ኢጣሊያዊ ከሀገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በ1940 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣሊያዊ አባት የተወለዱ ክልስ ልጆች የአባታቸውን ዜግነት እንዳያገኙ ከለከለ። ቨርጂኒያ በ1662 እና በ1691 ዓ.ም. የጻፈችውን ሮማ ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ ቈይታ ደገመችው ማለት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፤ በኢትዮጵያውያን ላይ የተጀመረው ሕግ በ1938 ዓ.ም. በኢጣሊያ ውስጥ በሚኖሩት አይሁድ ላይ ዞረ። የዘር ሕግ አንድ ጊዜ ከተጻፈ፥ ማን ላይ እንደሚያበቃ ጸሐፊው ራሱ አያውቅም።

ይሁን እንጂ የሌላውን ቤት ጕድፍ ብቻ ቈጥረን ብንለያይ ንግግሬ ከንቱ ይሆናል። እኛም እንደ ሌሎቹ የቆዳ ቀለም ሕግ ባናወጣም፥ ሰው በሰው ላይ የተሸጠባት ሀገር ልጆች ነን። ባርነት በሀገራችን በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው፤ «ባርያ» የሚለው ስድብ ግን ከአዋጁ በኋላ በብዙ አፍ ላይ ቀርቷል። ደግሞም ማረሻችንን የሚሠራልንን «ቀጥቃጭ»፥ ጋኑንና ምጣዱን የምትሠራልንን «ቡዳ»፥ ቆዳውን የሚያለፋልንን «ፋቂ» እያልን አዋርደናል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1908 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። የዚህም ሥሩ ያው ነው። በብዙ አውራጃ ርስት የተከለከለ ሰው በእጅ ሥራ አደረ፤ በእጅ ሥራ ስላደረ ተናቀ፤ ስለ ተናቀም ርስትና ጋብቻ አይገባውም ተባለ። ጥቅም ንቀትን ወለደ፤ ንቀትም መልሶ ጥቅምን ጠበቀ።

በአንድ ቋንቋ የሚናገሩ፥ በአንድ ኰረብታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችም ከዚህ ክፉ ነገር እንደማይድኑ ሩዋንዳ አሳይታናለች። በ1930ዎቹ ዘመን የቤልጅግ ቅኝ ገዥዎች ለሰው ሁሉ ሁቱ፥ ቱትሲ ወይም ትዋ የሚል የመታወቂያ ወረቀት ሰጡ። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፥ በ1994 ዓ.ም. ገዳዮቹ በየመንገዱ ኬላ ላይ የሚጠይቁት ያንኑ ከአባት ወደ ልጅ የወረደ የወረቀት ቃል ነበር። በ100 ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ 800 ሺሕ የሚደርስ ሕዝብ አለቀ። ዛሬ በኛም መካከል ሰውን በሥራው ሳይሆን በተወለደበት ነገድ የሚመዝን አንደበት ሲሰማ፥ ይህ ነገር ከቃል ጀምሮ ወዴት እንደሚደርስ ማስታወስ ይገባናል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሕግ የሠራውን ሕግ ሊያፈርሰው ይችላል፤ አፍርሶታልም። በ1963 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት፥ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርግ ፍልስፍና እስካልተጣለ ድረስ ዓለም ሰላም እንደማታገኝ አስገነዘቡ። በ1965 ዓ.ም. ያው ጉባኤ የዘር አድልዎን ሁሉ ለማጥፋት የተደረገውን የመንግሥታት ስምምነት አጸደቀ። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው እስከ ደጃፍ ነው፤ ከደጃፉ ወዲህ ያለው የእናትና የአባት፥ የመምህርና የካህን፥ የሽማግሌና የጎረቤት ሥራ ነው። ልጅ ንቀትን ይዞ አይወለድም፤ በምድጃ ዙሪያ ሲነገር ሰምቶ ይማረዋል። በምድጃ ዙሪያ የተማረውን ደግሞ በዚያው በምድጃ ዙሪያ ልናስተወው እንችላለን።

ለዚህም አንድ ቀላል ልማድ እንድናበጅ እመክራለሁ። «የእገሌ ዘር እንዲህ ነው፥ የእነ እገሌ ዘር እንዲያ ነው» የሚል ቃል በሰማን ጊዜ ሁሉ ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህን መለያ ያወጣው ማን ነው? ሲያወጣውስ ምን አገኘበት? መሬት ነውን? ሹመት ነውን? የርካሽ ጕልበት ነውን? ወይስ ድኽነቱን የሚረሳበት ባዶ ክብር? መልሱን ባገኘን ጊዜ የዘሩ ነገር እንደ ጉም ይበተንና የጥቅሙ ነገር ገሃድ ሆኖ ይታያል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል እውነት ነው፤ ወገንን መውደድ፥ ዘመድን መርዳት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የዘር ስም ተጠርቶ ልባችን በቍጣ ሲሳብ፥ የሚስበን ዘራችን ነው ወይስ ልጓሙን የያዘ ሌላ ሰው? ይህን ጥያቄ ለየራሳችሁ ትቼ ንግግሬን እፈጽማለሁ።